በሙሉ ድምፅ የጸዳው ቴሌቪዥን

የሰው ልጅ ከአቧራ ጋር ባደረገው ረጅምና መራራ ትግል ስማቸው በክብር የተነሣ ጀግኖች ብዙ ናቸው። ሆኖም በአንድ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ የተካሄደው የጽዳት ዘመቻ እስከ ዛሬ ምስጋና የሚያቀርብለት ሰው አጥቶ ቆይቷል። ይህን በደል ማረም የእኛ ድርሻ ሆኖ ተገኝቷል።

የዘመቻው መሪ ሰብሳቢው ናቸው። ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው መሥሪያ ቤት ሳሉ ነው። በጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊነት ባገለገሉበት ዘመን ሁሉ ያለ ስብሰባ የተቀየረ አምፖል አልነበረም፤ ብዙ ጊዜም ስብሰባው ስላላለቀ አምፖሉ ሳይቀየር ቀርቷል። ጡረታ የወጡ ዕለት ሠራተኛው አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። እሳቸው ጭብጨባውን ፍቅር ነው ብለው ወሰዱት፤ እኛም ነገር ሳናበዛ እንደዚያው እንውሰደው። ቤት ሲገቡ ግን ስብሰባውን ይዘውት ገቡ። የመጋረጃው ቀለም፣ የሶፋው አቀማመጥ፣ የውጭ በር ቁልፍ ማን ጋ እንደሚያድር፣ ሁሉም አጀንዳ ይያዝለታል፤ ጥልቅ ውይይት ይደረግበታል፤ አቅጣጫ ይቀመጥበታል።

የቤቱ ኮሚቴ አራት አባላት አሉት። ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ አብረዋቸው የሚኖሩት አማታቸው፣ እንዲሁም የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም። ይህ የመጨረሻው ሽቶ ሻጭ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምሳ ይመጣል። አንድ ጊዜ የተበላሸ ራዲዮ በጥፊ መትቶ ስላስተካከለ የቴክኒክ አማካሪ ተብሎ ተሹሟል።

ዘመቻውን የቀሰቀሰው ጉዳይ ታላቅ ነው። የሰብሳቢው አንድያ ልጅ ሌላ ከተማ በሚገኝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጥራለች። እስካሁን ሥራዋ ከካሜራ ጀርባ ነበር፤ ሽቦ ትጠቀልላለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ ለአቅራቢዎቹ ውሃ ታቀርባለች። ባለፈው ሳምንት ግን ደወለችና እናቷን፣

«እማዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚተላለፈው የቤት አያያዝ ፕሮግራም ላይ የማቀርበው እኔ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ! አባዬ እንዳያመልጠው። በተለይ አባዬ» አለቻቸው።

ባለቤታቸው መልእክቱን አንድ ቃል ሳያጎድሉ አደረሱ። ሰብሳቢው «በተለይ» የምትለዋን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ለምን እንደ ዘጉት ለማንም አልተናገሩም፤ ምክንያቱ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ስለነበር ነው።

ይህ እንባ ታሪክ አለው። ልጅቱ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል የመመረቂያ ሥራዋን የምትጽፍበት ኮምፒውተር ነበራት። ሰብሳቢው አንድ ማለዳ ስክሪኑ ላይ አቧራ አዩና በአባትነት ፍቅር ብቻ ተገፋፍተው የመስኮት ማጽጃ ፈሳሽ ፊት ለፊት ረጩበት። ፈሳሹ በጠርዙ ሾልኮ ወደ ውስጥ ገባ። ስክሪኑ መጀመሪያ ወተት መሰለ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ቢነካው መልስ አልሰጠም። ልጅቱ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሌላ አባት ቢሆን በዚህ ጊዜ «ይቅርታ» ይል ነበር። ሰብሳቢው ግን የሥራ አፈጻጸም የሚገመግሙበትን ፊት አምጥተው፣

«ቢሆንም ንጹሕ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ የምትደውለው ለእናቷ ነው። «አባዬ ደኅና ነው?» ትላለች፤ «ደኅና ነው» ይሏታል፤ በዚሁ ያበቃል። ሰብሳቢው አጠገባቸው ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ገጽ አይገልጡም። ልጃቸው በጣም ናፍቃቸው ነበር፤ መናፈቃቸውን የሚናገሩበት አጀንዳ ግን አላገኙም።

ስለዚህ ይህች ቅዳሜ ለእሳቸው ተራ ቅዳሜ አልነበረችም። ልጃቸውን ዐይናቸው እስኪጠግብ አይተው፣ ስትጨርስ በገዛ እጃቸው ደውለው፣ «አየሁሽ፤ ጥርት ብለሽ ታየሽኝ» ሊሏት ቆርጠዋል። ይህችን ንግግር መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆመው ሲለማመዷት ባለቤታቸው በበሩ ሰምተዋል። ትልቁን አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተው ያስገቡትም ለዚሁ ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት ከቴሌቪዥኑ ጋር አንዲት ሰማያዊ ለስላሳ ጨርቅ ወጣች። ሰብሳቢው በሁለት ጣታቸው ዳሰሷት። እንዲህ ያለ ልስላሴ በዕድሜያቸው ነክተው አያውቁም።

«ይቺ እንዳትቆሽሽ» አሉና አጣጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባት። ጨርቋ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ንጹሕ ናት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኮሚቴው በሙሉ ሶፋው ላይ ተደርድሯል፤ ቴሌቪዥኑ በርቶ ማስታወቂያ ያሳያል። ፕሮግራሙ ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው ሰብሳቢው ድንገት ብድግ አሉ። ከስክሪኑ መሀል፣ ልክ የአቅራቢ ፊት በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ወዙ የሚያብለጨልጭ የጣት አሻራ ነበር።

«ይህ የማን ጣት ነው?»

«የማን ይሆናል?» አሉ ባለቤታቸው። «ትናንት ዜና አንባቢውን ‹ውሸትህን ነው!› እያልክ ስትጠቁመው የነበርከው አንተ አይደለህ? ቅቤ የተቀባ ዳቦ በልተህ፣ እጅህን ሳትታጠብ።»

«ማንነቱ ለጊዜው ባልታወቀ አካል ተብሎ ይያዝ» አሉ ሰብሳቢው። «አስቸኳይ ስብሰባ ተከፍቷል።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! በሰማያዊዋ ጨርቅ ጠረግ አድርጋትና እንቀመጥ!»

«እሷማ ትቆሽሻለች!»

ሐሳቡ ቀላል፣ ፈጣንና ውጤታማ በመሆኑ በኮሚቴው ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ሰብሳቢው ወዲያው ለሌላ አስተያየት መድረኩን ክፍት አደረጉ።

አማታቸው ቀደሙ። «የጥርስ ሳሙና ነው እንዲህ ያለውን የሚያስለቅቀው። የእኔን ማንኪያዎች አላየህም? ፊት ያሳያሉ እኮ!»

«እናመሰግናለን እማማ። ተይዟል።»

«ጋሼ፣ ቅባት አልኮል ካልነካው ንቅንቅ አይልም» አለ ሽቶ ሻጩ፣ ከኪሱ አንድ ጠርሙስ እያወጣ። «ይኼ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው። ለደንበኛ ስሸጠው እንደዚያ አልልም እንጂ።»

«ሙያዊ አስተያየት ነው። ተይዟል።»

ባለቤታቸው የራሳቸው ሐሳብ ውድቅ ሲሆን ጥርሳቸውን ነክሰው ቆይተዋል። አሁን ግን ሌላው ሁሉ ሲያዝለት አይተው መቅረት አልፈለጉም። «እንግዲያው ኮምጣጤ ነዋ! የዚህ ቤት መስኮት በምን የሚጸዳ ይመስላችኋል?»

«እኔ በበኩሌ» አሉ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከልብስ ዱቄት ሳሙና ሌላ በምንም አላምንም።»

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ጋለ። ኮምጣጤ የጥርስ ሳሙናን ናቀ፤ ሽቶ ሁለቱንም «ኋላ ቀር» አላቸው። አማትየዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና አኮረፉ። ኮሚቴው ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀረው። የሰብሳቢው ትልቅነት የታየው በዚህ ሰዓት ነው። እጃቸውን አነሡ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

«የተከበራችሁ አባላት» አሉ። «አንድ ሰው ቅር ተሰኝቶ የሚጸዳ ስክሪን በዚህ ቤት አይኖርም። የቀረቡት ሐሳቦች በሙሉ ትክክል ናቸው። አንዱ ትክክለኛ ሐሳብ ብቻውን ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፣ አራቱ አንድ ሳህን ውስጥ ቢገቡ ምን ሊፈጠር ነው?»

ጥያቄው በእርግጥ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነበር። ነገር ግን በጭብጨባ ታለፈ። አማትየዋ እንኳን ኩርፊያቸውን ትተው እጃቸውን አወጡ፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሳህን መጣ። ኮምጣጤው ተንቆረቆረ፣ ሳሙናው ተበተነ፣ የጥርስ ሳሙናው ተጨመቀ፣ ሽቶውም ከላይ ተርከፈከፈ። ድብልቁ አረፋ ደፍቆ በሳህኑ ከንፈር ላይ ተነሣ። ሳሎኑን የሞላው ሽታ ፀጉር አስተካካይ ቤት ውስጥ ሰላጣ የተሠራ ያስመስል ነበር። አባላቱ ዐይናቸውን እያበሱ ተያዩ። በእያንዳንዱ ፊት ላይ፣ የራሱ ሐሳብ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ኩራት ይነበባል።

መጥረጊያው ልዩ ልዩ በሚለው አጀንዳ ሥር ታየና የሳህን ማጠቢያው ስፖንጅ ተመረጠ፤ ያውም በሻካራው አረንጓዴ ጎኑ።

ሽቶ ሻጩ ስፖንጁንና የበራውን ስክሪን ተራ በተራ አየ። «ጋሼ… ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ መጥፋት የለበትም?»

«ከጠፋ ቆሻሻው በምን ይታያል? ደግሞስ ልጄ ስትመጣ ጠፍቶ ብታገኘው ምን ትለኛለች?»

ሰብሳቢው ስፖንጁን ነክረው፣ ሳይጨምቁ፣ አሻራው ላይ አሳረፉት።

«ጫን አድርገው!» አሉ አማትየዋ። «ማንኪያ እንዲህ በፍርሃት አይጸዳም!»

ጫን አደረጉት። ከስፖንጁ ዙሪያ ቀይና ሐምራዊ ቀለም እየተጥመለመለ ወጣ።

«ቀለሙ እየመጣ ነው!» አሉ ሰብሳቢው በደስታ። «እስከ ዛሬ በቆሻሻ ታፍኖ ነበር ማለት ነው!» ይብሱን ተጫኑት። አረፋው በስክሪኑ ወርዶ በታችኛው ጠርዝ በኩል ሹልክ ብሎ ገባ። እጃቸውን ሲያነሡ የጣት አሻራው የለም። ድራሹ ጠፍቷል። ኮሚቴው አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ፣ አሻራው በነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ጉም ተነሣና ወደ አራቱም ማዕዘን ሰፋ። ቀጥሎ አንድ አረንጓዴ መስመር ከላይ እስከ ታች ተሰመረ፤ ብቸኝነት እንዳይሰማውም ሌሎች ተከተሉት። ከውስጥ «ጢስ» የሚል ድምፅ ወጣ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ዘመቻው ዓላማውን ሙሉ በሙሉ አሳክቷል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድም የሚታይ ቆሻሻ የለም። አንድም የሚታይ ነገር የለም።

ድምፁ ግን ገና አልሞተም ነበር። ከጨለማው ውስጥ ሙዚቃ ተሰማ፤ ሙዚቃው ሲቀንስ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጠች፣ «ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቻችን…» አለች። ከዚያ እሷም ተቆረጠች።

ሰብሳቢው ስፖንጁን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እርጥቡን ጥቁር ስክሪን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ልጄ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «መጥታ ነበር እኮ።»

ባለቤታቸው በሩን በረገዱት። ጊዜው የማዘኛ አልነበረም። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ልብስ ሰፊዋ ጋ! ተነሡ፣ ፕሮግራሙ ሳያልቅ!»

ልብስ ሰፊዋ ከሥር ባለው ክፍል የምትሠራ ጎረቤታቸው ናት። ኮሚቴው ደረጃውን በሙሉ ምልዓተ ጉባኤ ወረደ፤ ባለቤታቸው ከፊት፣ ሽቶ ሻጩ አማትየዋን ደግፎ ከኋላ፣ መሀል ላይ አረፋ የሚያንጠባጥብ ስፖንጅ የያዙት ሰብሳቢ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል አቁማ ቀና አለች።

«ምነው? እሳት ተነሣ እንዴ?»

«ቴሌቪዥኑን አብሪልን፣ እባክሽ! ልጄ እያቀረበች ነው!» አሉ ባለቤታቸው።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር በላይ፣ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ትንሽ አሮጌ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። በብናኝና በክር ብጣሽ ተሸፍኖ ጥጥ የለበሰ ይመስላል። በራ። የሰብሳቢው ዐይን ብናኙ ላይ አረፈ፤ እጃቸውም ዐይናቸውን ተከትሎ መነሣት ጀመረ። ባለቤታቸው አንጓቸውን ለቀም አደረጉት።

«እጅህን!»

«አቧራ አለው እኮ።»

«ተዉት ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ነክቼው አላውቅም። መቼ ጊዜ አግኝቼ!»

የባለቤቱ ጊዜ ማጣት ብቻ ከጥፋት የጠበቀው ያ ቴሌቪዥን፣ ጣቢያው ሲገኝ ልጅቱን ወለል አድርጎ አሳያት። በስላ፣ ረጋ ብላ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ ቆማለች። በእጇ አንዲት ሰማያዊ ለስላሳ ጨርቅ ይዛለች።

«…እንግዲህ እንዳልኳችሁ» አለች፣ «ዛሬ የምናየው የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ስክሪን ቤት ውስጥ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚጸዳ ነው።»

ሰብሳቢው ስፖንጁን ቀስ ብለው ወደ ጀርባቸው ደበቁት።

«መጀመሪያ አጥፉት፤ ከሶኬቱም ንቀሉትና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ሲጠፋ ጥቁር ስለሚሆን አቧራውና የጣት አሻራው እንዲያውም ጎልቶ ይታያችኋል።»

ሽቶ ሻጩ ሳል ያዘው።

«ከዚያ በእንዲህ ያለ ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ሳትጫኑ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። ጨርቁን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ አንዳንዴ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይመጣላችኋል።»

ባለቤታቸው ባላቸውን አዩ። ባላቸው ጣሪያውን አዩ።

«አልለቅ ካለ ጨርቁን በንጹሕ ውሃ ትንሽ ማርጠብ፤ ጨርቁን ነው የምላችሁ፣ ስክሪኑን አይደለም። በደንብ ሳይደርቅም አታብሩት። ሻካራ ስፖንጅ አይነካውም። ኮምጣጤ አይሆንም። አልኮልና ሽቶ አይሆንም። የልብስ ሳሙና አይሆንም።»

አንድ በአንድ ሲጠሩ አባላቱ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። አማትየዋ ብቻ ቀና እንዳሉ ነበሩ።

«አያችሁ፣ የእኔን አላነሣችም» አሉ በሹክሹክታ።

«የጥርስ ሳሙናማ» አለች ልጅቱ ፈገግ ብላ፣ «እባካችሁ ለጥርሳችሁ ተዉት።»

ልብስ ሰፊዋ ከት ብላ ሳቀች። የሳቀችው ብቻዋን ነው።

ልጅቱ ጨርቁን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ካሜራውን ትክ ብላ አየችው። «ይህን ርዕስ የመረጥኩት እንዲሁ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አንድ በጣም የሚወደኝ ሰው ኮምፒውተሬን በመስኮት ማጽጃ አጽድቶልኝ ነበር። ያን ጊዜ በጣም ተናደድኩ፤ ቂምም ያዝኩ። በኋላ ሳስበው ግን ሁላችንም ተኝተን ሳለ ማልዶ ተነሥቶ ነው ያጸዳልኝ። ጥፋቱ የፈሳሹ ነው፤ የእሱ አልነበረም።»

ሰብሳቢው ፊታቸውን ወደ ጨርቁ ክምር አዞሩ።

«አቧራው ነው» አሉ፣ ዐይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ብናኝ ገባብኝ።»

«እንዴት ያለች ጎበዝ ልጅ ናት!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይህን ሁሉ ከማን ነው የተማረችው?»

«ከአባቷ» አሉ ባለቤታቸው።

ሰብሳቢው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመልስ ዕድል ሳይጠይቁ ቀሩ። ፕሮግራሙ አልቆ ሙዚቃው ሲመጣ የባለቤታቸውን ስልክ ተቀብለው ራሳቸው ደወሉ። ልጅቱ ወዲያው አነሣችው።

«እማዬ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ!» ድምፅዋ ተለወጠ። «አየኸኝ?»

«አየሁሽ። ጥርት ብለሽ ታየሽኝ።» ልምምዱ እዚህ ላይ አልቆ ነበር፤ የቀረው አልተዘጋጀም። «ደግሞ… ያ የኮምፒውተርሽ ነገር። ያኔ ማለት የነበረብኝን አላልኩሽም። ይቅርታ ልጄ። ናፍቀሽኛል።»

ይህ ሁሉ ያለ አጀንዳ፣ ያለ ውይይት፣ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ባለቤታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከወዲያ በኩል ልጅቱ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል።

«እኔም አባዬ። እኔም ናፍቀኸኛል።» ከዚያ ሳቅ ቀላቀለችበት። «በአዲሱ ቴሌቪዥን ነው አይደል ያየኸኝ? እማዬ ለእኔ ብሎ ትልቅ ገዛ ብላኛለች።»

ከሰብሳቢው ጀርባ፣ ከስፖንጁ፣ አንድ ጠብታ አረፋ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ኮሚቴው በሙሉ መሪውን ተመለከተ።

«አዲሱማ…» አሉ ሰብሳቢው፣ «አንቺ እንዳልሽው አጥፍተነው እየቀዘቀዘ ነው።»

የልጅቱ ሳቅ ተቆረጠ።

«አባዬ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «በምንድን ነው ያጸዳኸው?»

ሰብሳቢው ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽቶ ሻጩን፣ አማታቸውን፣ በመጨረሻም ባለቤታቸውን በየተራ አዩ።

«ብቻዬን አይደለሁም፤» አሉ፣ «በሙሉ ድምፅ ነው።»